ጥቁሩ ጽዋ

ከግብዣው ሁለት ቀን ቀደም ብሎ በአንድ ላቦራቶሪ አብሮኝ የሚሠራው ጃፓናዊ ጓደኛዬ ደወለልኝ። አክስቱ ያዘዙትን ሦስት ነገር አደረሰኝ፤ ንጹሕ ነጭ ካልሲ እንድይዝ፣ ሽቶ እንዳልቀባ፣ ሰዓትና ቀለበት ካለኝ ቤት ትቼ እንድመጣ። ካልሲውና ሽቶው ገባኝ። «ሰዓቱ ምን አደረገ?» አልኩት። «ጽዋውን ይጭረዋል» አለኝ። ለአንድ የሻይ መጠጫ ሰው እንዲህ ሲሳሳ እስከዚያ ቀን ድረስ ሰምቼ አላውቅም።

ጊዜው ጥር 2002 ዓ.ም. ነው። ለትምህርት ኪዮቶ ከገባሁ አራት ወር ሆኖኛል። ጎንደር ተወልዶ ያደገ ሰው ብርድ አይፈራም ብዬ ነበር የሄድኩት፤ የኪዮቶ ብርድ ግን አመጣጡ ሌላ ነው። ከወለሉ ይነሣል፤ በእግር ጣት ገብቶ ጉልበት ላይ ይቀመጣል። የከተማዋ ሰዎች ስም አውጥተውለታል፤ «ሶኮቢኤ» ይሉታል፣ ከሥር የሚመጣ ብርድ እንደ ማለት ነው። የሻይ ሥርዓት ምን እንደሚመስል ከዚያ በፊት በፎቶግራፍ ብቻ ነበር የማውቀው፤ ኪሞኖ የለበሰች ሴት፣ አረንጓዴ ሻይ፣ ዝምታ። ደስ ብሎኝ ሄድኩ።

የአክስቱ ቤት በከተማዋ ሰሜን፣ ዳይቶኩጂ ከሚባለው ትልቅ የዜን ገዳም ብዙም ሳይርቅ ነው። ሰው ሁሉ «ሴንሴይ» ነው የሚላቸው፣ መምህሬ ማለት ነው፤ እኔም ከዚያ ቀን በኋላ በሌላ ስም ጠርቻቸው አላውቅም። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ አጠር ያሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሴት ናቸው። ከልጅነታቸው ጀምሮ ከዚህ ሥርዓት ጋር ኖረዋል።

ስንደርስ ግን አላየናቸውም። ከግቢው በር ገብተን አንዲት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥንና ጠበቅን። አራት ነበርን፤ እሳቸው ዘንድ ለረጅም ዘመን የተማሩ ሁለት ሴቶች፣ ጓደኛዬና እኔ። ከፊታችን ወደ ሻይ ቤቱ የሚወስዱ የመርገጫ ድንጋዮች አሉ፤ ውሃ ተረጭቶባቸው ያበራሉ። ድንጋዩ ከረጠበ ባለቤቲቱ ተዘጋጅታለች ማለት ነው አሉኝ። አንደኛው መንገድ ላይ በጥቁር ገመድ የታሰረች የጡጫ ያህል ድንጋይ ተቀምጣለች። በዚያ በኩል አትለፍ ማለት ነው። ሰው በቃል ሳይናገር በገመድና በድንጋይ «እዚህ ጋ ተመለስ» ሲል ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ከሻይ ቤቱ በፊት መሬት ላይ ዝቅ ያለ የድንጋይ ገንዳ አለ። ቁጢጥ ብለው በቀርከሃ ጭልፋ ይቀዱና መጀመሪያ ግራ እጅን፣ ቀጥሎ ቀኝ እጅን ይታጠባሉ፣ ከዚያም አፍን ይጉመጠመጣሉ። ውሃው እንደ መርፌ ይወጋል። በሩ ደግሞ በር አይመስልም፤ ቁመቱ ስድሳ ስድስት ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ረጅም ሰው ነኝ። ጫማዬን አውልቄ፣ በጉልበቴ ተንበርክኬ፣ ራሴን ዝቅ አድርጌ በእጆቼ እየተሳብኩ ገባሁ። በዱሮ ዘመን በዚህ በር ጎራዴ ታጥቆ የሚገባ የለም፤ ጎራዴው ውጭ ተሰቅሎ ይቀራል። ባላባትም ሆነ ነጋዴ በዚያች ቀዳዳ ሲገባ አንድ ዓይነት ይሆናል።

ውስጡ አራት ተኩል ታታሚ ነው። ታታሚ ከሣር የተሠራ ወፍራም ምንጣፍ ነው፤ ክፍልን የሚለኩት በእሱ ቁጥር ነው። መብራት የለም። ብርሃን የሚገባው በወረቀት በተሸፈነ መስኮት ነው፤ ስለዚህ ጥላ የለውም፣ ሁሉም ነገር ላይ እኩል ያርፋል። መካከል ላይ ወለሉ ተቆርጦ ምድጃ ተሠርቷል፤ ፍሙ ላይ የብረት ማፍያ ተጥዷል። ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ባሉት የብርድ ወራት ምድጃው እንዲህ ወለል ውስጥ ይሆናል፤ ሙቀቱ ለእንግዳው እንዲደርስ። ሲሞቅ ደግሞ ምድጃው ተከድኖ፣ እሳቱ በተንቀሳቃሽ ማንደጃ ሆኖ ከእንግዳው ይርቃል። ማፍያው ሲፈላ የሚያወጣውን ድምፅ በጥድ መካከል የሚያልፍ ነፋስ ይሉታል። እውነትም ነው። ዓይኔን ብጨፍን ከቀበሌያችን ቤተ ክርስቲያን ግቢ ዛፎች ሥር የተቀመጥኩ መሰለኝ።

በአንዱ ግድግዳ ገባ ያለ ቦታ አለ። እዚያ የተሰቀለ አንድ የጽሑፍ ጥቅል፣ ከሥሩ በቀርከሃ ዕቃ ውስጥ አንድ አበባ። ግማሽ የተከፈተ ነጭ ካሜሊያ ነበር። ሌላ ጌጥ የለም። ካሜሊያ የሻይ ተክል የቅርብ ዘመድ መሆኗን በኋላ ነው ያወቅሁት፤ በሳይንስ አጠራር ሻይ ራሱ ካሜሊያ ነው። እያንዳንዳችን በተራ ወደዚያ ቀርበን፣ እጃችንን ምንጣፉ ላይ አድርገን፣ ጽሑፉንና አበባውን አየን። እንግዳው ሊያይ ይገባዋል። ይህን ቃል ልብ በሉልኝ፤ ማየት በዚያ ቤት የእንግዳው ሥራ ነው።

እኔን በመካከል አስቀመጡኝ። የመጀመሪያው እንግዳ ጥያቄ የመጠየቅ ኃላፊነት አለበት፣ የመጨረሻውም ዕቃ የመመለስ ሥራ አለው፤ ለማያውቅ ሰው መካከል ይሻላል፣ ከፊቱ ያለውን እያየ ይከተላል።

ጣፋጩ ቀድሞ መጣ። ከአዙኪ ባቄላ ከተፈጨ ሊጥ የተሠራ፣ በፕለም አበባ ቅርፅ የተቀረፀ፣ ነጭና ቀላ ያለ። ነጭ ወረቀት ላይ አድርገው በትንሽ የእንጨት ስንጥር እየቆረጡ ይበሉታል። ጣፋጩ ሙሉ በሙሉ ካለቀ በኋላ ነው ሻዩ የሚመጣው፤ ሻዩ ውስጥ ስኳር የለም፣ ጣፋጩ ምላስ ላይ የተወው ቅሪት ነው የሚያጅበው።

ከዚያ ሴንሴይ ገቡ። ተንሸራታቹን በር ተንበርክከው ከፈቱ፣ ሰገዱ፣ ገቡ። ከቀበቷቸው የሐር ጨርቅ አውጥተው በእጃቸው አጣጠፉት። ያን አጣጠፍ ከዚያ በኋላ ለሁለት ዓመት ስሞክረው እንደ እሳቸው አልሆነልኝም። በእሱ የዱቄቱን ዕቃና የቀርከሃውን ማንኪያ ጠረጉ፤ ዕቃው ንጹሕ ነው፣ ግን በእንግዳው ፊት ዳግም ይጸዳል። በጭልፋ ፍል ውሃ ቀድተው ጽዋውን አሞቁ፣ ማማሰያውንም እዚያው አራሱት። ማማሰያው ከአንድ የቀርከሃ ቁራጭ የተሰነጠቀ ነው፤ ጭራዎቹ ከሰማንያ እስከ መቶ ሃያ ይደርሳሉ፣ አንዳቸውም ተለይተው የተተከሉ አይደሉም። ውሃውን ደፉ፣ ጽዋውን አደረቁ፣ ሁለት ግራም የምታህል አረንጓዴ ዱቄት ጨመሩ፣ ውሃ አከሉ፣ መቱት። ሻ ሻ ሻ የሚል ድምፅ ለአጭር ጊዜ ተሰማና ቆመ።

ይህን ሁሉ ሲያደርጉ አንድ ቃል አልተናገሩም። እኛም አልተናገርንም። እኔ ያደግሁበት ቡና ያለ ወሬ አይፈላም። ልጅ ሳለሁ ሥራዬ ጎረቤት ለጎረቤት እየሮጡ «ቡና ጠጡ» ብሎ መጥራት ነበር፤ ከዚያ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪባል ድረስ የሰፈሩ ነገር ሁሉ ይነሣል፣ የታመመ ይጠየቃል፣ የተጣላ ይታረቃል። በዚያ ክፍል ግን ዝምታው መጀመሪያ ጨነቀኝ፤ የሆነ ነገር ያጠፋሁ መሰለኝ። እግሬም ደንዝዟል። ቀስ በቀስ ግን ጆሮዬ ሥራ አገኘ። ጭልፋው ማፍያው አፍ ላይ ሲያርፍ የሚሰጠው ድምፅ፣ ሙቅ ውሃና ቀዝቃዛ ውሃ ሲፈሱ ያላቸው የድምፅ ልዩነት፣ ሐሩ በሐሩ ላይ ሲንሸራተት። ሙቅ ውሃ ወፍራም ድምፅ አለው። ሠላሳ ዓመት ውሃ እየጠጣሁ ይህን አላውቅም ነበር።

ጽዋው አንድ ነው። አንዱ ጠጥቶ ሲመልሰው ታጥቦ ለቀጣዩ ይዘጋጃል። ተራዬ ደረሰ። ከእኔ ቀጥሎ ላለችው እንግዳ «ኦሳኪ ኒ» አልኩ፣ ልቅደምዎ ማለት ነው። ለሴንሴይ ሰገድኩ። ጽዋውን በቀኝ እጄ አንሥቼ ግራ መዳፌ ላይ አስቀመጥኩ፤ የጽዋው ፊት፣ ያማረው ጎኑ፣ ለእኔ ዞሮ ነበር የመጣው፤ በዚያ በኩል መጠጣት ስለማይገባ ሁለት ጊዜ ትንሽ ትንሽ አዞርኩት። ጠጣሁ። ለምላሴ እንደ ጎመን ቅጠል፣ እንደ ርጥብ ሣር፣ ከዚያ መረር ያለ፣ በመጨረሻ ደግሞ አፍ ውስጥ የሚቆይ ለስላሳ ጣዕም። የመጨረሻዋን ጉንጭ ድምፅ አሰምቶ መሳብ ነውር አይደለም፤ ጨርሻለሁ፣ አመሰግናለሁ ማለት ነው።

ከንፈሬ የነካውን በጣቴ ጠረግሁ፣ ጽዋውን መልሼ አዞርኩ፣ ምንጣፉ ላይ አስቀመጥኩት። ከፊቴ ያለችው ሴት ያደረገችውን አይቻለሁና እኔም ክርኔን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ ጎንበስ ብዬ፣ ከመሬት ብዙም ሳላርቀው በሁለት እጄ ይዤ አየሁት።

ጥቁር ነው። እንደ ምጣድ ጥቁር፣ ወፍራም፣ ግን ሲያነሡት ቀላል። ዙሪያው ፍጹም ክብ አይደለም፤ አፉ እንደ ተራሮች አናት ከፍ ዝቅ ይላል። ውስጡ ያለው ሻይ ትኩስ ሆኖ ሳለ እጅ አያቃጥልም። በአንዱ ጎኑ ሁለት ጠባሳ አለው። ገልብጬ መቀመጫውን አየሁት፤ ጥቁሩ ቅብ እዚያ ላይ አልደረሰም፣ ራቁቱን ሸክላ ይታያል። ያን ጊዜ አንድ ነገር ልቤን መታኝ። ይህን አውቀዋለሁ አልኩ። ይህ ጀበና ነው።

ሥርዓቱ ሲያልቅ የመጀመሪያዋ እንግዳ ጥያቄዋን ጀመረች፤ የእሷ ድርሻ ነው። ጽዋው የማን እጅ ሥራ ነው? ማንኪያውን ማን ጠረበው፣ ስሙስ ማን ይባላል? አዎ፣ ማንኪያው ስም አለው። ሴንሴይ እያንዳንዱን መለሱ። የጽዋውን ሠሪ ስም፣ የመምህሩን ስም፣ ጽዋው ከእሳት የወጣበትን ዓመት። ጓደኛዬ በጆሮዬ እየተረጎመ ነገረኝ።

ይህ ዓይነቱ ሸክላ «ራኩ» ይባላል። የጀመረው ቾጂሮ የሚባል የኪዮቶ ሰው ነው፤ እንዲሠራ ያደረገው ደግሞ ሴን ኖ ሪክዩ ነው። የሻይ ሥርዓትን ዛሬ ያለውን መልክ ያስያዘው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1522 በሳካይ ወደብ ከነጋዴ ቤተሰብ ተወለደ። ከእሱ በፊት ሻይ ከቻይና የመጣ ውድ ዕቃ የሚታይበት የጌቶች ድግስ ነበር፤ ሪክዩ ግን ክፍሉን አጠበበው፣ ዕቃውን ከቀርከሃና ከአገር ሸክላ አደረገው። ያማዛኪ ላይ እስከ ዛሬ የቆመችው ታይአን የምትባለው ሻይ ቤት ሁለት ታታሚ ብቻ ናት። ራኩ ጽዋ ደግሞ በመንኮራኩር አይሠራም፤ በእጅ ነው የሚገነባው። ጥቁሩ የሚወጣው ቅቡ በፍም መካከል እንደ ቀለጠ በብረት መቆንጠጫ ተይዞ ነው፤ ጎኑ ላይ ያየሁት ጠባሳ የመቆንጠጫው ንክሻ ነበር። የቾጂሮ ቤት ኪዮቶ ውስጥ እስከ ዛሬ ሸክላ ይሠራል፤ ከአራት መቶ ዓመት በላይ፣ ከትውልድ ወደ ትውልድ፣ የእያንዳንዱ ስም ተመዝግቦ።

የሪክዩን መጨረሻ ሳልነግራችሁ አላልፍም። ያገለግለው የነበረው ገዢ ቶዮቶሚ ሂዴዮሺ ሁለንተናዋ በወርቅ የተለበጠች የሻይ ክፍል ያሠራ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1591 ሪክዩ ሆዱን ቀድዶ እንዲሞት አዘዘው። ምክንያቱ እስከ አሁን ያከራክራል፤ አንዱ ወገን የሪክዩ ምስል ከዳይቶኩጂ በር በላይ መቆሙን ይጠቅሳል፤ ገዢው በሥሩ ሊያልፍ ነውና። ሪክዩ ከመሞቱ በፊት በእጁ አንዲት የቀርከሃ ማንኪያ ጠረበ። «እንባ» ትባላለች። ከደቀ መዛሙርቱ ለአንዱ፣ ለፉሩታ ኦሪቤ ደረሰች፤ እሱም መስኮት ያለው ማኅደር ሠርቶላት በፊቷ ይሰግድ ነበር። ዛሬ ናጎያ በሚገኘው የቶኩጋዋ ሙዚየም ትጠበቃለች። ማንኪያ ናት። ከአንድ የቀርከሃ ስንጣሪ የተጠረበች፣ ክብደት የሌላት። እኔ ግን ስለ እሷ ሳስብ የወርቁ ክፍል ትዝ አይለኝም።

ዕቃዎቹ ከተነሡ በኋላ ሴንሴይ ወደ እኔ ዞሩ። በአገሬ ቡና እንዴት እንደሚፈላ ሰምተው ኖሮ እንድነግራቸው ጠየቁኝ። ደስ አለኝ፤ ይህንማ አውቃለሁ። ቄጤማው ሲጎዘጎዝ፣ ቡናው ሲታጠብ፣ ሲቆላ፣ ጭሱ ለእያንዳንዱ ሰው ሲዞር፣ ዕጣኑ፣ ሙቀጫው፣ ጀበናው፣ ሲኒው፣ ሦስቱ ዙር። በእጄም እያሳየሁ ነገርኳቸው። ጀበናው ጥቁር ሸክላ መሆኑን፣ እንደ እሳቸው ጽዋ በእጅ የተሠራ መሆኑን አከልኩ። በጥሞና ሰሙኝ። ከዚያ ጠየቁ፦

«የእናትዎን ጀበና ማን ሠራው?»

«ከገበያ የተገዛ ነው» አልኩ።

ጓደኛዬ ተረጎመ። ትንሽ ዝም አሉና በዚያው በለሰለሰ ድምፅ «የሠራው ሰውስ?» አሉ።

ምንም አልመለስኩም። ሳልዋሽ የምለው አልነበረኝም። ከዚያ ጀበና የተቀዳውን ቡና ሽታ ከመንደር ማዶ እለየዋለሁ፤ ጀበናውን ግን አንድም ቀን ገልብጬ አይቼው አላውቅም። እናቴ ስታፈላ እጇን አይቼ አላውቅም። በሺህ የሚቆጠር ሲኒ ጠጥቻለሁ፤ «እሰይ፣ ጥሩ ቡና» እላለሁ፣ ዓይኔ ግን ወሬው ላይ ነበር።

ሴንሴይ ዝምታዬን አላስጨነቁትም። ይልቅ አንድ ነገር ነገሩኝ። ከእሳቸው ቤት በእግር በሚደረስበት በዳይቶኩጂ ውስጥ ኮሆአን የሚባል ገዳም አለ። እዚያ የሚጠበቅ አንድ ጽዋ አለ፣ «ኪዛኤሞን ኢዶ» ይባላል፤ የጃፓን ብሔራዊ ቅርስ ነው፤ የሻይ ሰዎች ከሁሉ አስበልጠው ከሚያከብሯቸው ጽዋዎች አንዱ። ኪዛኤሞን የባለቤቱ ስም ነው፤ የሠሪው አይደለም። ሠሪው በአሥራ ስድስተኛው መቶ ዘመን ኮሪያ ውስጥ የኖረ ሸክላ ሠሪ ነው፤ ማን እንደ ሆነ የሚታወቅ ነገር የለም። ሂዴዮሺ እ.ኤ.አ. ከ1592 እስከ 1598 ኮሪያን ሲወር ጦር አለቆቹ ብዙ ሸክላ ሠሪዎችን ማርከው ወደ ጃፓን አመጡ። «እኛም» አሉ ሴንሴይ፣ «ጽዋውን ወድደን ሰውየውን ረስተናል። ስለዚህ ነው የምጠይቀው።»

ይህን ሲሉ ሁለቱ ሴቶች ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ነበር።

ከዚያ በኋላ ለሁለት ዓመት ሐሙስ ሐሙስ ማታ ሴንሴይ ዘንድ እሄድ ነበር። ብዙ አልተማርኩም። በዚያው ዓመት ግንቦት ዑጂ ወደሚባለው ቦታ ላኩኝ፣ የሻዩን እርሻ አይቼ እንድመጣ፤ ቅጠሉ ሊለቀም ሦስት ሳምንት ያህል ሲቀረው በዳስ ይሸፈናል፣ ፀሐይ ሲያጣ አረንጓዴው ይጠልቃል፣ ምሬቱ ይቀንሳል። ከተለቀመ በኋላ በእንፋሎት በስሎ፣ ደርቆ፣ ከጅማቱ ተለይቶ በድንጋይ ወፍጮ ይፈጫል። አንድ ወፍጮ በሰዓት አርባ ግራም ያህል ብቻ ነው የሚያወጣው፤ ከፈጠነ ድንጋዩ ይሞቅና ሽታው ይጠፋል። የሻይ ዘር ከቻይና ይዞ የተመለሰው ኤይሳይ የሚባል መነኩሴ ነው ይባላል፣ እ.ኤ.አ. በ1191። ይህንና ሌላውን ሁሉ በማስታወሻ ደብተር ጽፌ ይዣለሁ። ዘወትር ወደ ልቤ የሚመለሰው ግን ያ ጥያቄ ነው።

በ2004 ዓ.ም. ወደ አገሬ ተመለስኩ። ጎንደር እንደ ደረስኩ በሁለተኛው ቀን እናቴ ቡና አፈላች። የበዓል ጀበናዋን ነበር ያወጣችው፤ ልጇ መጥቷልና። ሲያልቅ ጀበናውን ከማቶቱ ላይ አንሥቼ፣ እስኪበርድ ጠብቄ፣ ሁለት ክርኔን ጉልበቴ ላይ አድርጌ አየሁት። አንገቱ ላይ በጠጠር የተጠረገ መስመር አለ፤ ከላይ ወደ ታች፣ ጎን ለጎን ተጠግተው የሄዱ መስመሮች። ገላው ከጭስና ከዘይት ብዛት ያበራል። እጀታው ከገላው ጋር በሚገናኝበት በታችኛው ጫፍ አንድ ጉድጓድ አለ። ዐውራ ጣቴን አስገባሁበት። የጣት ምልክት ነው፤ ሸክላው ርጥብ ሳለ ተጭኖ የቀረ፣ ከእኔ ጣት ያነሰ።

«እማዬ፣ ይህን ማን ሠራው?»

«ምኑን?»

«ጀበናውን።»

ሳቀች። «ደግሞ የጀበና ሠሪ ይጠየቃል? የወለቃዋ ሴትዮ ናታ። ዱሮ፣ አንተ ልጅ ሳለህ።»

ከዚያ ቀስ እያለች ትዝ አላት። ከወለቃ በእግሯ እየመጣች ቤት ለቤት ትሸጥ ነበር። ሌላው ሁሉ ገበያ በሚወጣበት በቅዳሜ አትመጣም፤ ሰንበቷ ነው። ጀበናውን በጣቷ ጉልጥምት መታ አድርጋ ድምፁን ታሰማለች፣ ስንጥቅ ካለው ይታወቃል። ዋጋ ላይ አትከራከርም። አንዴ አባቴ ታሞ ሳለ መጥታ፣ እናቴ ብር የለኝም ስትላት «ሌላ ቀን ትሰጭኛለሽ» ብላ ይህንኑ ጀበና ትታላት ሄደች። እናቴ ከፍላት እንደ ሆነ ጠየቅኋት። «ከፍያታለሁ እንጂ!» አለች፣ ተቆጥታ።

«ስሟ ማን ነበር?»

እናቴ ረጅም ጊዜ አሰበች። «እኔ እንጃ ልጄ» አለች በመጨረሻ። «‹ባለ ሸክላዋ› ነበር የምንላት።»

ያን ጊዜ እኔም አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ ከዚያ በፊት ለማንም ተናግሬው አላውቅም። የውጭው በር ይንኳኳል። አያቴ ክንዴን ይዛ ከበሩ ጀርባ ትጎትተኛለች፤ ቀሚሷን አልብሳኝ ትሸሽገኛለች። «ዓይኗ እንዳያርፍብህ» ትለኛለች በሹክሹክታ። ከውጭ የሴት ድምፅና የሸክላ መታ መታ ይሰማል። ሸክላ የሚሠራ፣ ብረት የሚቀጠቅጥ ሁሉ ቡዳ ነው ይባል ነበር፤ እንደ እሷ ያሉ ቤተ እስራኤሎችን ደግሞ ይህ ስም ይበልጥ ይከተላቸው ነበር። እጇ የሠራውን እቤታችን አስገብተን፣ ቡና አፍልተንበት፣ ጎረቤት ጠርተንበት፣ ፊቷን ግን እንዳላይ ተደብቄአለሁ። አያቴ ክፉ ሰው አልነበረችም። ነገሩ ግን ክፉ ነበር፤ ዛሬም ይህን ሳላለዝብ መናገር አለብኝ። ያቺ ሴት ከበሩ በስተጀርባ ልጅ እየተደበቀባት መሆኑን ሳታውቅ አትቀርም። በየቤቱ ነበርና።

የወለቃ ቤተ እስራኤሎች ከ1982 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ አዲስ አበባ ወረዱ። በግንቦት 1983 ደግሞ በሠላሳ ስድስት ሰዓት ገደማ ውስጥ ከአሥራ አራት ሺህ በላይ ሰው በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሄደ። መንደሯ ዛሬም ከጎንደር ወጣ ብሎ በደባርቅ መንገድ ላይ አለች፤ ዛሬም ሴቶች ሸክላ ይሸጡባታል፤ ሠሪዎቹ ግን ሌሎች ናቸው። ሄጄ ጠይቄአለሁ። ምልክቴ አንድ የጣት ጉድጓድ ብቻ ነው።

ሴንሴይን በደብዳቤ ነገርኳቸው። በመልሳቸው ውስጥ ስለ ጥያቄው ምንም አልጻፉም፤ የምድጃው ወቅት መጀመሩን፣ ያን ጥቁር ጽዋ ያን ሳምንት ማውጣታቸውን፣ እኔ በተቀመጥኩበት ቦታ ማንም አለመቀመጡን ጻፉልኝ።

ይህን የምጽፈው እስራኤል አገር ላላችሁ፣ እናታችሁ ወይም አያታችሁ የወለቃ ሰው ለሆነች ሁሉ ነው። ጎንደር ውስጥ ቤት ለቤት ጀበና ትሸጥ እንደ ነበር፣ ቅዳሜ የማትወጣ፣ እጀታውን ስትገጥም በዐውራ ጣቷ ተጭና የምትጨርስ እንደ ሆነ ጠይቋት። እሷ ከሆነች፣ ወይም እሷን የምታውቅ ከሆነች፣ ስሟን ላኩልኝ። ጀበናው እንዳልተሰበረም ንገሯት።